የተሰበረ የታችኛው መንጋጋ በምን ይታሰር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ባጃጅ ተገልብጦባቸው፣ ከሞተር ሳይክል ወድቀው፣ ኳስ ሲጫወቱ በክርን ተመትተው፣ ወይም ማታ ተጣልተው ጠዋት መንጋጋቸውን በእጃቸው ደግፈው የሚመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ አስታማሚው ነው፤ ታካሚው መናገር ያመዋል። ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባላልና እኔም «አንተ» እያልኩ ጽፌያለሁ። በወንድ የጻፍኩት መንጋጋቸው ከሚሰበር ሰዎች ወንዶች ስለሚበዙ ነው፤ እህቶቼ «አንቺ» እያላችሁ አንብቡት።

መንጋጋዬ ተሰብሮ ይሁን አብጦ ብቻ በምን አውቃለሁ?

አፍህን ቀስ ብለህ ግጠም። ጥርስህ እንደ ትናንቱ ገጠመ? አንድ ወጣት «የሰው ጥርስ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ» ብሎኛል፤ ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አልሰማሁም። የታችኛው ከንፈር ከደነዘዘ፣ ከምላስ ሥር ደም ተጠራቅሞ ከጠቆረ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥርሶች እንደ ደረጃ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ፣ ስብራት መኖሩን እጠረጥራለሁ። ከራጅ በፊት አንዲት ጠፍጣፋ የምላስ መጫኛ እንጨት በመንጋጋ ጥርሱ እንዲነክስ አደርግና እጠመዝዛታለሁ። እንጨቷ እስክትሰበር ድረስ ነክሶ ከያዘ አጥንቱ ደኅና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አሞት ከለቀቃት ወደ ራጅ ክፍል።

የታችኛው መንጋጋ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ አጥንት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ከጆሮ ፊት ለፊት ከራስ ቅል ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ በአንድ በኩል ሲመታ በሌላው በኩልም መሰበሩ የተለመደ ነው። በአገጩ የወደቀ ሰው አገጩ ላይ የሚታየው ትንሽ ቁስል ብቻ ሆኖ ስብራቱ ጆሮው ሥር ይገኛል። አንዱን ስብራት ያየ ሐኪም ሁለተኛውን ሳይፈልግ ራጁን ከእጁ ማስቀመጥ የለበትም። መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፊልም የሚያሳየው ፓኖራማ ካለ መልካም ነው። ከሌለ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡ ተራ ራጆች ብዙ ይናገራሉ። ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው ስብራቱ ሲወሳሰብ ነው።

ወጌሻ ቢያሸኝስ?

አይሆንም። የእጅና የእግር ስብራት ላይ ከወጌሻ ጋር መከራከር ይቻል ይሆናል፤ መንጋጋ ላይ ግን ክርክር የለኝም። ጥርስ ባለበት ቦታ የተሰበረ መንጋጋ ቆዳው ባይቀደድም እንኳ በድዱ በኩል ለአፍ የተከፈተ ቁስል ነው። ምራቅና ጀርም ወደ አጥንቱ ይገባሉ። ሲታሽ የተሰበሩት ጫፎች ይፋተጋሉ፤ በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭም ይጎዳል። ታሽተው በሳምንቱ አገጫቸው ሥር መግል ቋጥሮ የሚመጡ አሉ። ያኔ መጀመሪያ የምናክመው ስብራቱን ሳይሆን መግሉን ነው።

ወደ ሐኪም እስክትደርስ ቁጭ ብለህ ወደፊት ዘንበል በል፤ ደሙና ምራቁ ይውጣ፣ አትዋጠው። በጀርባህ አትተኛ። ሻሽ ወይም ነጠላ ከአገጭ ሥር ወደ አናት ላላ አድርጎ ማሰር ሕመሙን ያስታግሳል፤ የሚያስመልስህ ወይም ደምህ ያልቆመ ከሆነ ግን አትሰር። የወለቀ ጥርስ ካለ ወተት ውስጥ ከተህ ይዘህ ና። መተንፈስ ያስቸገረው፣ ራሱን የሳተ ወይም አንገቱን የሚያመው ሰው የጥርስ ክሊኒክ መፈለግ የለበትም። ድሬዳዋ ከሆነ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆነ ሕይወት ፋና ድንገተኛ ክፍል በቀጥታ ይሂድ።

የተሰበረው አጥንቴ ሆኖ ሳለ የሚታሰረው ጥርሴ ለምንድን ነው?

ይህን የጠየቀኝን ሰው እወደዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። እጅ ሲሰበር በጄሶ ይያዛል፤ መንጋጋን ግን ከውጭ በጄሶ አጥብቆ መያዝ አይቻልም። ደግነቱ ፊት ለፊቱ ያልተሰበረ ወንድም አለው፦ የላይኛው መንጋጋ። የላይና የታች ጥርሶች ከልጅነት ጀምሮ እየተፋተጉ አንዱ የሌላውን ጎድጓዳ ያውቃል። ጥርሶቹን በቀድሞ አገጣጠማቸው ገጥመን ከላይኛው ጋር ካሰርናቸው አጥንቱ ከሞላ ጎደል ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የላይኛው መንጋጋም ጄሶ ይሆንለታል። አሜሪካዊው ቶማስ ጊልመር የላይና የታች ጥርሶችን በሽቦ አጋጥሞ ማሰርን በ1887 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎ አስተዋውቋል። ዕቃው ተለዋውጧል፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ያው ነው።

ለዚህ ነው «የትኛው ብረት ይሻላል?» ከሚለው በፊት «ጥርሱ ገጥሟል ወይ?» የምለው። ራጁ ላይ ቆንጆ የሚመስል፣ ጥርሱ ግን ያልገጠመ ሥራ አይቻለሁ። ታካሚው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ጎኑ ነው የሚያኝከው።

ማሰሪያዎቹ ምን ምን ናቸው?

በጣም የቆየውና እኔ አዘውትሬ የምጠቀምበት በጥርሶቹ ሥር ዙሪያውን የሚዘረጋ፣ ትናንሽ መንጠቆዎች ያሉት ለስላሳ ብረት ነው። በሕክምናው ቋንቋ አርች ባር ይባላል፤ እኔ ለታካሚዎቼ «ሐዲድ» እላቸዋለሁ። ባቡር ጣቢያ ባለበት ከተማ ይህን ማስረዳት አይከብድም። አንድ ሐዲድ ከላይ፣ አንድ ከታች ይዘረጋና ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የማይዝግ ሽቦ ከእያንዳንዱ ጥርስ ጋር ይጠመዘዛል። ከዚያ ሁለቱን ሐዲዶች በመንጠቆዎቻቸው በሽቦ ወይም በላስቲክ አንድ ላይ እንስባቸዋለን።

ሐዲድ ሳይዘረጋ ሁለት ሁለት ጥርስ እያያዙ ሽቦውን ቀለበት አድርጎ ማሰርም አለ። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ለሆነና ስብራቱ ቀላል ለሆነ ሰው ይበቃል። አንዷ ቀለበት ከላላች ግን በዚያ በኩል ያለው ማሰሪያ አብሯት ይላላል።

ሦስተኛው ብሎን ነው። በማደንዘዣ ከድዱ በላይና በታች፣ በጥርስ ሥሮች መካከል አጥንቱ ውስጥ ከአራት እስከ ስምንት ብሎኖች ይገባሉ። አናታቸው አፍ ውስጥ ይታያል፤ ሽቦው የሚጠመዘዘው እነርሱ ላይ ነው። ሐዲዱን በጥርስ ፈንታ በብሎን አጥንት ላይ የሚያስሩ ቅይጥ ዓይነቶችም አሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ይከብዳል።

ፕሌት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ድዱ ተከፍቶ ስብራቱ በዓይን እየታየ ተገጥሞ፣ በቀጭን የቲታኒየም ብረትና በትናንሽ ብሎኖች አጥንቱ ራሱ የሚያያዝበት ቀዶ ጥገና ነው። ፈረንሳዊው ማክሲም ሻምፒና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ትናንሽ ፕሌቶች በመንጋጋው ላይ የትኛው መስመር ላይ መቀመጥ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ፕሌት የገባለት አብዛኛው ሰው አፉን ለሳምንታት ማሰር ቀርቶለታል።

ሐዲድ ይሻላል ወይስ ብሎን?

ብሎን ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሐዲድ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ጥርሱ የተጣበበ ሰው ከሆነማ ከዚያም ያልፋል። ብሎን ያለበት አፍ ለመቦረሽ ይቀላል፣ ድዱም አይላጥም። ሲወጣም ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም።

ለሐኪሙም ቢሆን ብሎን ይመረጣል። የሽቦ ጫፍ ጓንት ይበሳል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ታካሚ የኋላ መንጋጋ ጥርስ ላይ ሽቦ ሳጠማዝዝ ጫፉ ተወርውሮ ጠቋሚ ጣቴን ወጋኝ። ጓንቴን ሳወልቅ አንዲት የደም ጠብታ ብቻ ናት ያየሁት፤ እርሷ ግን 28 ቀን ሙሉ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አስዋጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ጓንት ደርቤ ነው የምሠራው፤ የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍም ወዲያው ቆርጬ ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አሁንም ሐዲድ ማብዛቴ ለምንድን ነው? ብሎን መንጋጋን ከመንጋጋ ያስራል እንጂ የተናጉ ጥርሶችን እርስ በርስ አይይዝም። ሁለት ሦስት ቦታ የተሰበረን ወይም ጥርስ ከነአጥንቱ የተነቃነቀበትን ሰው በብሎን ብቻ ማሰር፣ የፈረሰ አጥርን በሁለት ካስማ ለማቆም እንደመሞከር ነው። ብሎኖቹ ሁሉ ወደ ፊት ከገቡና ሽቦው ከጠበቀ ደግሞ የፊት ጥርሱ ገጥሞ የኋላው ይከፈታል። ሲገባ የጥርስን ሥር የመብሳት ዕድልም አለው፤ ያ ጥርስ በኋላ ሊሞት ይችላል። ሳምንታት ሲቆጠሩ አንዳንዱ ብሎን ይላላል፤ አንዳንዱን ድድ ይሸፍነዋል። ሐዲድ ላይ ላስቲኩን ከፈለግኩት መንጠቆ ወደፈለግኩት እያዞርኩ አገጣጠሙን በየሳምንቱ ማረም እችላለሁ። በብሎን ይህ ምርጫ ጠባብ ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ፕሌት ሊገባለት ስለሆነ ለቀዶ ጥገናው ሰዓት ብቻ መታሰር ያለበት፣ ወይም አንድ ቦታ ብቻ ተሰብሮ እምብዛም ያልተናጋ ሰው ብሎን ይበቃዋል። አራትና አምስት ሳምንት ታስሮ የሚቆይ፣ ስብራቱ ከአንድ በላይ የሆነ ወይም ላስቲክ የሚያስፈልገው ሰው ሐዲድ ያሻዋል። አፉን የማያጸዳ ሰው ግን ከሁለቱ በአንዱም አይድንም።

ፕሌት ከተደረገልኝ ማሰሩ ይቀርልኛል?

በቀዶ ጥገናው ወቅት ጥርስህ መታሰሩ አይቀርም፤ ፕሌቱ የሚቀመጠው አገጣጠሙ ከተያዘ በኋላ ነው። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል፤ አንዳንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ላስቲክ ይቀራል። ለስላሳ ምግብ ግን ለሳምንታት ግድ ነው፤ ፕሌት ገብቶልኛል ብሎ በሳምንቱ ቆሎ የቆረጠመ ሰው ፕሌቱንም አጥንቱንም ያጣል።

የሚጥል በሽታ ላለበት፣ አዘውትሮ ለሚያስመልሳት ነፍሰ ጡር፣ ከባድ የሳንባ ችግር ላለበት፣ መጠጥ ለማይተው ሰው አፍ ዘግቶ ማሰር አደገኛ ነው። እነዚህን ለፕሌት እልካለሁ፤ ተራ ቢያስጠብቅም፣ ወደ አዲስ አበባ ቢያስኬድም። ፕሌቱ ካላስቸገረ ማውጣት አያስፈልግም።

ስንት ሳምንት ታስሬ እቆያለሁ?

ጤናማ አዋቂ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፤ አረጋውያን ሊረዝምባቸው ይችላል፤ ልጆች ከ2 እስከ 3 ሳምንት። ስብራቱ ጆሮ ሥር ካለው መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ ታስሮ በላስቲክ እየተመራ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሲጋራና ሺሻ አጥንቱ የሚገጥምበትን ጊዜ ያዘገያሉ። ሽቦው በራሱ ጊዜ ስለሚላላ በየሳምንቱ ተመለስ።

በተዘጋ አፍ ምን ይበላል?

የማይታኘክ ሁሉ። ጥርስ ሁሉ ቢገጥም እንኳ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ኋላ ፈሳሽ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። የጎደለ ጥርስ ካለህ በዚያ በኩል ይቀልሃል፤ ጥርስ ማጣት የሚጠቅምበት ቦታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በስትሮ፣ በማንኪያ ወይም ጫፉ ላይ አጭር ለስላሳ ቱቦ በተደረገለት ትልቅ ስሪንጅ መውሰድ ይቻላል።

የምሥራቁ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው። የግመል ወተት አለ። ሐረሪዎች ከአብሽ የሚሠሩት ሁልበት አለ፤ ቀጠን ተደርጎ ይጠጣል። የተፈጨ ኦቾሎኒ ወተት ውስጥ ሲገባ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። የአጃና የገብስ አጥሚት፣ በሶ ብጥብጥ በማርና በቅቤ፣ የምስር ሾርባ፣ አቮካዶና ማንጎ ሁሉም ይሆናሉ። ሥጋም አይቀርም፤ ቀቅለህ ከመረቁ ጋር ጁስ መፍጫ ውስጥ ፍጨውና በሻይ ማጥለያ አጥልለው። ማጥለሉን የዘለለ ሰው ማታ ሙሉ ከሽቦው ሥር ክር በምላሱ ሲፈልግ ያድራል።

በቀን ሦስቴ አይበቃም፤ ስድስት ሰባት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ውሰድ። ያም ሆኖ ክብደት መቀነስህ አይቀርም። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አቆምሃለሁ፤ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ቅቤውንና ኦቾሎኒውን እንጨምራለን። በድሬ ሙቀት የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ውሃ ነው። መጠጣት ስለሚያደክም ይተዉታል፤ ከዚያ ራስ ምታትና ድርቀት ይዟቸው ይመጣሉ። ጾመኞች የነፍስ አባታቸውን ወይም የሃይማኖት አዋቂያቸውን ይጠይቁ፤ በክርስትናውም በእስልምናውም ለታመመ ሰው መንገድ አለው። መጾም ያለበት ክርስቲያን ተልባ፣ ሱፍና የኦቾሎኒ ወተት ይያዝ።

ጫትስ?

ይህን ሳይጠይቁኝ የሚወጡ ጥቂቶች ናቸው። አፉ ታስሮ የሚቅም የለም። «ወቅጬ ብጠጣውስ?» ያለኝ ግን አለ፤ ጥርስ የሌላቸው አዛውንቶች በሙቀጫ እየወቀጡ እንደሚወስዱት ማለቱ ነበር። ብልሃቱን አደነቅኩ፤ ፈቃዱን ግን አልሰጠሁትም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ አንተ ደግሞ በየሳምንቱ ኪሎ እየጣልክ ነው። አፍን ያደርቃል፤ ደረቅ አፍ ላይ ጀርም ይበዛል። ድቃቂው ከሐዲዱ ሥር ገብቶ ይከርማል። ከተፈታህም በኋላ አንድ ጉንጭ ሞልቶ ለሰዓታት ማኘክ ገና ለጠነከረ አጥንት ሸክም ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ወር። ሁለት ወር አድርግልኝ ብለው ይከራከሩኛል።

አፌን እንዴት አጸዳለሁ?

ከምግብ በኋላ ሁሉ። ለስላሳ የልጆች ብሩሽ፣ ለብ ያለ የጨው ውሃ፣ የታዘዘልህ ክሎርሄክሲዲን የተባለ የአፍ መጉመጥመጫ። የውስጠኛው ጎን ስለማይደረስበት በምላስህ እየጠረግክ ተጉመጥመጥ። መፋቂያ እወዳለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጭራው ሽቦው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ጉንጭህን የሚወጋ የሽቦ ጫፍ ካለ የሻማ ሰም አሙቀህና ድቡልቡል አድርገህ ለጥፍበት፤ በራስህ አትጠምዝዘው።

አፌ ታስሮ ቢያስመልሰኝስ?

ሁሉም የሚፈራው ይህን ነው። የምትውጠው ፈሳሽ ስለሆነ የሚመለሰውም ፈሳሽ ነው፤ በገባበት ክፍተት ይወጣል። ወደፊት አጎንብስ፣ ጉንጭህን በጣትህ ወደ ውጭ ሳብ፣ ይፍሰስ። ካልወጣና ትንፋሽ ካጠረህ ሽቦው ይቆረጥ። ታካሚዬን ከመሸኘቴ በፊት መስታወት ይዤ የትኞቹ እንደሚቆረጡ አሳየዋለሁ፦ ሐዲዱን ከጥርስ ጋር ያያዙት ሳይሆን ላይኛውን ከታችኛው ጋር ያገናኙት ቋሚ ሽቦዎች ናቸው። አስታማሚውም አብሮ ያያል። በላስቲክ ከሆነ ተራ መቀስ ይበቃል። በሽቦ ከሆነ መቁረጫ ፒንሳ ሌት ተቀን ከኪስ አይለይ፤ አስፈላጊ ሆኖ የቆረጠውን ሰው አልቆጣም፣ በማግስቱ መልሼ አስረዋለሁ። ከሐረር ለቀጠሮ የሚመጡትን ደግሞ በደንገጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ ከሚኒባሱ ፊት ወንበር እንዲቀመጡ፣ ሆዳቸውን ሞልተው እንዳይሳፈሩ እመክራለሁ።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ይታሰራል?

አይታሰርም፣ እናት። የወተት ጥርስ አጭርና ወደ ጫፉ የጠበበ ስለሆነ ሽቦ ይንሸራተትበታል። ብሎንም አይሆንም፤ መንጋጋው ውስጥ ገና ያልበቀሉ ቋሚ ጥርሶች ተደርድረው ተኝተዋል፣ ብሎኑ እነርሱን ይበሳል። በልኩ የተሠራ የፕላስቲክ መያዣ ጥርሱ ላይ አድርጎ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት መያዝ ይቻላል። ልጅ ቶሎ ይጠገናል።

የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ልጅሽ በአገጩ ወድቆ አገጩ ከተሰፋ በኋላ አፉን ሲከፍት ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ ወይም ጆሮው ፊት የሚያመው ከሆነ መልሰሽ አምጪው። ጆሮ ሥር ያለው ስብራት ሳይታወቅ ከቀረና አፉ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መገጣጠሚያው ሊጣበቅ ይችላል። ከዓመታት በኋላ አገጩ ያላደገ፣ በጥርሶቹ መካከል ጣት የማያስገባ ልጅ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ሥራው ከባድ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ በዚህ ስብራት ልጁን ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ አፉን ክፈት፣ ዝጋ እያልን እናለማምደዋለን።

አባቴ ጥርስ የላቸውም፤ እርሳቸውስ በምን ይታሰራሉ?

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው፣ ሁለት ላይ ተሰብሮም ቢሆን እንዳትጥሉት፤ ይዛችሁት ኑ። ጠግነን እንደ መያዣ እንጠቀምበታለን። ከሌላቸው በድዳቸው ልክ ፊቱ ላይ የምግብ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው መያዣ ይሠራና በሽቦ ከአጥንቱ ጋር ይታሰራል። ጥርስ ካጣ የቆየ መንጋጋ ስለሚሳሳ ግን ቀዶ ጥገና ለሚችሉ ጠንካራ ፕሌት ይመረጣል።

ከንፈሬ ደንዝዟል፤ ይመለሳል?

ነርቩ ካልተበጠሰ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። እስከዚያ ትኩስ ነገር ተጠንቀቅ፤ ሆጃ በሚባለው ትኩስ መጠጥ ከንፈሩን አቃጥሎ ያላወቀ ሰው አውቃለሁ።

ሽቦው ሲፈታ ያማል?

ሐዲዱ ትንሽ ያማል፤ ድዱም ይደማል። ማደንዘዣ ከፈለግክ እወጋሃለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አላወጣም። መጀመሪያ ላይኛውንና ታችኛውን የሚያገናኙትን ብቻ ቆርጬ ሐዲዱን ለአንድ ሳምንት ያህል እተወዋለሁ፤ አገጣጠሙ ከተዛባ በላስቲክ መልሼ እይዘዋለሁ።

በተፈታህ ቀን አፍህ ከአንድ ጣት በላይ ላይከፈት ይችላል። አትደንግጥ፤ ለሳምንታት ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ነው። ሦስት ጣትህን ደራርበህ እስክታስገባ ድረስ የምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደርድረህ በጥርሶችህ መካከል አስገባ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያዝ። ዛሬ አሥራ ሁለት እንጨት ከገባ በሚቀጥለው ቀን አሥራ ሦስተኛዋን በመካከላቸው ሸጉጥ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፍርፍርና ገንፎ ላይ ቆይ። ፈጢራ ሃያኛዋ እንጨት ከገባች በኋላ፣ እርሱም ከመካከሉ ለስላሳው።